አምስተኛው ሲምፎኒ በአንድ ቅጂ አያልቅም

ሰሞኑን ከመሐል ሜዳ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ጸሐፊው የመንዝ ሰው ናቸው። ስለ ቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ በአማርኛ፣ ያውም በጥሩ አማርኛ፣ መጻፋቸው ብቻውን ያስመሰግናቸዋል። የሙዚቃውን ታሪክ ተርከው ሲያበቁ ግን «ከብዙዎቹ ቅጂዎች የትኛውን እንስማ?» ለሚለው ጥያቄ የሰጡት መልስ፣ አዲስ አድማጭን ከደጅ የሚመልስ ሆኖ አገኘሁት።

መልሳቸው ሲጠቃለል እንዲህ ነው። ኖታው አንድ ስለሆነ ቅጂዎቹ ሁሉ ያው ናቸው። ስለዚህ ድምፁ የጠራውን፣ የቅርብ ጊዜውን አንዱን ይዞ አሮጌውን መተው ይሻላል። በኮንሰርት ላይ የተቀዳ ስሕተት አያጣውምና አይመረጥም። በፍጥነት ከተለያዩ ደግሞ ቤትሆቨን በሜትሮኖም (የሙዚቃን ፍጥነት በምት በሚቆጥር መሣሪያ) የወሰነውን የጠበቀው ትክክል ነው፣ የቀረው ግድፈት ነው። በመጨረሻም ቅጂ ማማረጥ የሞላለት ሰው ሥራ እንጂ የእኛ የገበሬ ልጆች ጉዳይ አይደለም ይላሉ። በየተራ እመልሳለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ሌሎቹ ሁሉ የተንጠለጠሉት በእርሱ ላይ ነውና። «ኖታው አንድ ነው» የሚለው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ጠባሴ በሚገኘው ቤቴ አምስት ስድስት ሆነን ሙዚቃ እንሰማለን። ከመካከላችን አንዱ ጎረቤቴ መሪጌታ ናቸው፤ ተጉለት ተወልደው፣ ድጓ ተምረው፣ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው። አንድ ቀን የአምስተኛውን ሲምፎኒ መግቢያ በሁለት ቅጂ አከታትዬ አሰማኋቸው። መግቢያውን የማያውቅ የለም፤ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም ድምፅ፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ እንደገና ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። በረጅሙ ድምፅ ላይ ቤትሆቨን «እዚህ ላይ ቆይ» የሚል ምልክት አስቀምጧል። መጀመሪያ ያሰማኋቸው ካርሎስ ክላይበር የቪየና ፊልሃርሞኒክን እየመራ በ1974 የቀዳውን ነው። ረጅሙን ድምፅ ይዞ ወዲያው ይለቀዋል፤ ሙዚቃው ተወርውሮ ይሄዳል። ቀጥሎ ቪልሄልም ፉርትቬንግለር በ1947 ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር የተጫወተውን ከፈትኩ። እርሱ ያንኑ ድምፅ ይጫነዋል፤ ቀስቱ ከክሩ ላይ የማይነሣ ይመስላል።

መሪጌታ ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ይህ የእኛ ይዘት ዓይነት ነው» አሉኝ። «ምልክቱ ያዝ በል ይላል እንጂ እስከ መቼ እንደምትይዘው አይነግርህም። እሱን የሚነግርህ መምህርህ ነው።»

እኔ በብዙ ገጽ የማላስረዳውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። የመንዝ ሰው ይህን ለመረዳት ከእኔ የተሻለ ዕድል አላቸው ብዬ አምናለሁ። የቅዱስ ያሬድ ድጓ አንድ ነው፤ የዜማው ቤት ግን ቤተልሔም አለ፣ አጫብር አለ፣ ቆማ አለ፣ የእኛው ሰሜን ሸዋ ስሙን የሰጠው ተጉለትም አለ። በድጓው ላይ ድፋቱ፣ ቅናቱ፣ ጭረቱ፣ ርክርኩ ተጽፏል። ሆኖም ምልክቱን ያየ ሁሉ ዜማውን ያውቀዋል የሚል ደብተራ የለም። ከመምህር እግር ሥር ዓመታት መቀመጥ ያስፈለገውም ምልክቱ ሁሉን ነገር ስለማይናገር ነው። የአውሮፓው ኖታ ከእኛ ምልክት ይልቅ የድምፁን ከፍታና ርዝመት በዝርዝር እንደሚወስን አውቃለሁ፤ ንጽጽሩ እስከ መጨረሻው አያስኬድም። ቢሆንም ኖታው የሚተወው ክፍት ቦታ ብዙ ነው። «በርታ» ይላል፤ ምን ያህል እንደሚበረታ አይልም። «ቆይ» ይላል፤ ምን ያህል እንደሚቆይ አይልም። ቤትሆቨን ሁለተኛውን ረጅም ድምፅ ከመጀመሪያው በአንድ ባር (ኖታው በእኩል ምት በሚከፈልበት አንድ ክፋይ) አስረዝሞ ነው የጻፈው፤ ይህን ልዩነት አጉልተው የሚያሰሙ መሪዎች አሉ፣ ሁለቱን እኩል አድርገው የሚያልፉም አሉ።

ከዚህም አልፎ ኖታው ራሱ አንድ ሆኖ አያውቅም። ሲምፎኒው መጀመሪያ ሲታተም ከአራቱ ክፍሎቹ በሦስተኛው ውስጥ ሁለት ትርፍ ባሮች በስሕተት ገቡ። ቤትሆቨን በ1810 ለአሳታሚው ጽፎ እንዲወጡ አሳሰበ። በ1827 እስኪሞት ድረስ፣ ከሞተም በኋላ ለዓመታት፣ ስሕተቱ ሳይታረም ኖረ።

አንድ ቦታ ደግሞ በቅርበት ላሳይ። በመጀመሪያው ክፍል ያ የቁጣ ዜማ ረገብ ሲል ሁለት ሆርኖች (ክብ የነሐስ መለከቶች) ያንኑ ሦስት አጭርና አንድ ረጅም ጥሪ ጮክ ብለው ያሰማሉ፤ ከኋላቸው ለስላሳው ዜማ ይከተላል። ይህ ጥሪ ከክፍሉ አጋማሽ በኋላ፣ በ303ኛው ባር ላይ፣ በሌላ ቅኝት ይመለሳል። በቤትሆቨን ዘመን የነበረው ሆርን ቫልቭ (ድምፁን የሚቀያይር ቁልፍ) አልነበረውም፤ በተስተካከለበት ቅኝት ካልሆነ ሁሉንም ድምፅ አጥርቶ መስጠት አይችልም፤ በመሐል ቧንቧውን ለመቀየር ደግሞ ጊዜ የለም። ስለዚህ ቤትሆቨን ጥሪውን ለሁለት ባሱኖች (ረጃጅም የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎች) ሰጠው። ባሱን ወፍራምና ሰርጎ የሚገባ ድምፅ አለው እንጂ እንደ ሆርን አደባባይ የሚወጣ ጉሮሮ የለውም። ቫልቭ ያለው ሆርን ከመጣ በኋላ ብዙ መሪዎች «ቢችል ኖሮ ለሆርን ይሰጠው ነበር» ብለው ጥሪውን ወደ ሆርን መለሱት። ሌሎች «የጻፈው ባሱን ነው» ብለው ጸኑ። ሁለቱም ወገን ምክንያት አለው። እኔ ከባሱኖቹ ጋር ነኝ፤ ያ ኃያል ጥሪ ሁለተኛ ሲመጣ ጉልበቱ አንሶ መስማቴ፣ ለሚከተለው ማዕበል ያዘጋጀኛል። ኖታው አንድ ነው የሚሉን ጸሐፊ በዚህ ባር ላይ የሚሰሙት ሆርን ነው ወይስ ባሱን? መልሳቸው በያዙት ቅጂ ይወሰናል።

ድግም የሚባለውም አለ። ቤትሆቨን በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ክፍል ላይ ከክፍሉ መነሻ ያለው ሰፊ ቦታ እንዲደገም ምልክት አድርጓል። የመጨረሻውን ክፍል ድግም ብዙ መሪዎች ይዘሉታል፤ ክላይበር ይደግመዋል። ይህ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሙዚቃ እንዲኖር ወይም እንዳይኖር የሚወስን ነገር ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ፤ የጠራውን ያዙ፣ አሮጌውን ተዉ ወደሚለው። በከፊል እስማማለሁ። አርተር ኒኪሽ የበርሊን ፊልሃርሞኒክን እየመራ በ1913 የቀዳውን ሸክላ ለጀማሪ አልሰጥም። የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን ለቀረጻ ሥራ የዋለው በ1925 ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ተጫዋቾቹ በአንድ ትልቅ መለከት ዙሪያ ተጠጋግተው ነበር የሚቀዱት። ከዚህ ዓይነቱ ቅጂ ሙዚቃውን ለማውጣት አስቀድሞ ሙዚቃውን ማወቅ ይጠይቃል።

የ1947ቱ ፉርትቬንግለር ግን ሌላ ነው። በናዚ ዘመን ጀርመን ውስጥ ሆኖ መሥራቱን ስለቀጠለ ከጦርነቱ በኋላ ታግዶ፣ ተመርምሮ፣ ነፃ ተባለ። በሜይ 25 ቀን 1947 ከቀድሞ ኦርኬስትራው ፊት እንደገና ቆመ። የኦርኬስትራው አዳራሽ በ1944 መጀመሪያ በቦምብ ስለፈረሰ ኮንሰርቱ የተደረገው ቲታኒያ ፓላስት በሚባል ሲኒማ ቤት ነው። በዚያው ሰሞን የተቀዳው ሞኖ ነው፣ ሻካራ ነው፣ ሰው ሲያስል ይሰማል። አሁን ከሦስተኛው ክፍል ወደ አራተኛው የሚያሸጋግረውን ቦታ አስቡ። ኦርኬስትራው እንደ እስትንፋስ ቀጥኖ፣ ከበሮው ብቻ ከሥር በዝግታ ይመታል፤ ቫዮሊኖቹ ከጨለማ ውስጥ ደረጃ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ላይ ይዳስሳሉ፤ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሁሉም ይነሣል፤ እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው የቆዩት ትሮምቦኖች፣ ፒኮሎና ኮንትራ ባሱን ይገባሉ። በዚህ ቅጂ ያ ሽግግር የሚሰማው፣ ከተማቸው በፈረሰ ሰዎች ሳንባና ክንድ ነው። ከዚህ በጠሩ ብዙ ቅጂዎች ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ አንገቴን ያቀናኝ የለም። ይህን ለአድማጭ «ተወው» ማለት ይከብደኛል።

ጥራትን በተመለከተ አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በስልክ ድምፅ ማጉያ ለሚሰማ ሰው የዘንድሮውም ቅጂ ባሶቹን አያመጣለትም። ሦስተኛው ክፍል የሚጀምረው በቼሎና በባስ ነው፣ ያውም በሹክሹክታ፤ በስልክ ማጉያ ያ ሁሉ ጠፍቶ ሙዚቃው ከመሐል የጀመረ ይመስላል። ገንዘብ ካለ መጀመሪያ የሚገዛው ደህና የጆሮ ማዳመጫ ነው። እኛ ደግሞ በክረምት ይህን ሲምፎኒ አንከፍትም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ያ የከበሮ ሽግግር ጨርሶ አይሰማም። ከመስቀል ወዲህ ጠብቀን፣ ባዶው ግድግዳ ድምፁን እንዳይመልሰው የመንዝ ባና ሰቅለን እንሰማለን። ባናው ከማንኛውም ውድ መሣሪያ በላይ ረድቶናል።

ሦስተኛው፣ በኮንሰርት የተቀዳ ስሕተት አለበት የሚለው፣ ረጅም መልስ አይሻም። የስቱዲዮ ቅጂ ብዙውን ጊዜ ከተለያዩ ሙከራዎች ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፤ ስሕተቱ የጠፋው ባለመሠራቱ ሳይሆን ተቆርጦ በመውጣቱ ነው። ኒኮላውስ አርኖንኩር ከአውሮፓ ቻምበር ኦርኬስትራ ጋር በ1990 እና 1991 ግራትስ ላይ ቤትሆቨንን ሲቀዳ ከኮንሰርት ነው የቀዳው፤ ጥራቱን የሚያማርር ሰው አላጋጠመኝም። ደግሞም ሰርግ ላይ ማሲንቆ የሰማ ሰው፣ አዝማሪው አንድ ቦታ ስለሳተ ሌሊቱን ሙሉ የሰማውን አይጥልም።

አራተኛው ነጥብ ከበድ ይላል፤ ጸሐፊው እዚህ ላይ ደህና መነሻ አላቸው። ቤትሆቨን በ1817 ለሲምፎኒዎቹ የሜትሮኖም ቁጥር አሳትሟል፤ ለአምስተኛው የመጀመሪያ ክፍል የሰጠው 108 ነው፤ ይህም በአንድ ደቂቃ 108 ባር ማለት ነው። እስቲ እንቁጠረው። ክፍሉ 502 ባር አለው፤ የሚደገመው 124 ባር ሲጨመር 626 ይሆናል። ለ108 ሲካፈል 5 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ገደማ ይወጣል፤ «ቆይ» በተባለባቸው ቦታዎች የሚወስደው ጊዜ በዚህ ላይ ይጨመራል። በጣም ፈጣን ነው። ፈጣን የሚባለው ክላይበር እንኳ ድግሙን ጨምሮ ከሰባት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ኦቶ ክሌምፐረር ከለንደኑ ፊልሃርሞኒያ ኦርኬስትራ ጋር በ1950ዎቹ የቀዳቸው ደግሞ ከዚያም እጅግ የዘገዩ ናቸው።

ለረጅም ጊዜ «የቤትሆቨን ሜትሮኖም ተበላሽቶ ነበር» እየተባለ ቁጥሮቹ ሲገፉ ኖሩ። ያ ስንፍና ነበር፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ጆን ኤሊዮት ጋርዲነር በቤትሆቨን ዘመን መሣሪያዎች ተጫውቶ በ1994 ያወጣቸው ቅጂዎች፣ ለቁጥሮቹ የቀረበ ፍጥነት የሚቻልም የሚያምርም መሆኑን አሳይተዋል። የበግ አንጀት ክርና ቀለል ያለው የጥንት ቀስት ድምፁን ስለሚያሳጥሩት ፍጥነቱ ሳይደበላለቅ ይሰማል። ከላይ ያነሣኋቸውን ባሱኖችም እዚያ ታገኟቸዋላችሁ።

ከዚያ ተነሥቶ የቀረው ሁሉ ግድፈት ነው ማለት ግን አያስኬድም። ሲምፎኒው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው በዲሴምበር 22 ቀን 1808 ነው፤ ሜልትሰል የተባለው ሰው ለገበያ ያዋለው ሜትሮኖም ያኔ ገና አልወጣም ነበር። ቁጥሩ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ጆሮው በደከመ ደራሲ፣ በጠረጴዛ ላይ የተሰጠ ነው። ትልቅ ምስክር ነው፤ ብቸኛ ምስክር ግን አይደለም። ክሌምፐረር ዘግይቶ ሲሄድ የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያዎቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩትን በሌላ ቅጂ ሰምቼው በማላውቅ ግልጽነት ሰጥቶኛል። ቁጥሩን ስላልጠበቀ ብቻ ያንን አልጥለውም። አንባቢም አንድ ነገር ያስተውል፦ ጸሐፊው በመጀመሪያው ነጥብ ቅጂዎቹ ሁሉ ያው ናቸው ብለው፣ በአራተኛው አንዱ ትክክል ሌላው ግድፈት ነው ይላሉ። ሁለቱ አብረው ሊቆሙ አይችሉም። ያው ከሆኑ የሚገደፍ የለም፤ የሚገደፍ ካለ መምረጥ ግዴታ ነው።

የቀረው አምስተኛው ነው፤ ብዕር ያስነሣኝም እርሱ ነው። ማማረጥ የሞላለት ሰው ሥራ ነው፣ የገበሬ ልጅ ጉዳይ አይደለም የሚለው።

እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ያደግሁበት ሰፈር ሰው ሙዚቃን ሳያማርጥ ሰምቶ አያውቅም። ትዝታ አንድ ቅኝት ነው፤ ሆኖም «የእገሌ ትዝታ ይበልጣል፣ ድምፁን ሲጎትተው አንጀት ይበላል» እየተባለ ሌሊት ይነጋል። በገና ደርዳሪ ከደርዳሪ ይለያል። ቅዳሴ ለመስማት የቅርቡን ደብር አልፎ፣ ድምፁ ያማረ ቄስ ወዳለበት ተራራ የሚወጣ ሰው አባቴ ነበር። ይህ የሞላለት ሰው አመል አይደለም፤ የሚሰማውን ነገር የሚያከብር ሰው አመል ነው። የቤትሆቨን ሙዚቃ ላይ ስንደርስ ይህን ጆሮ አውልቀን አንድ ቅጂ ተቀብለን እንድንቀመጥ የሚመከረው ለምንድን ነው? የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን የመሠረቱት አሸናፊ ከበደ የአውሮፓውን ኦርኬስትራ መርተዋል፣ ለእርሱም ደርሰዋል። ፒያኖ ተጫዋቹ ግርማ ይፍራሸዋ የአውሮፓን ክላሲካልና የራሱን ድርሰት በአንድ መድረክ ያቀርባል። ይህ ሙዚቃ ቤታችን ከገባ ቆይቷል።

ወጪውንም እንቁጠር። አንድ ሠላሳ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ቅጂ በ128 ኪሎ ቢት ጥራት 34 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። አራት ቅጂ ከ140 ሜጋ ባይት አይበልጥም። አንዱ ከጫነው ሌላው በፍላሽ ይቀዳለታል። የእኛ ቡድን የሚሰማው እንዲህ ነው። ቤታችን ይበርዳል፤ የቪየና ሰዎችም ይህን ሲምፎኒ መጀመሪያ የሰሙት እሳት ባልነደደበት አዳራሽ፣ አራት ሰዓት በፈጀ ኮንሰርት፣ በታኅሣሥ ብርድ ተኮራምተው ነው። የደብረ ብርሃን ሰው ይህን ሲሰማ ቪየና ሩቅ አትመስለውም።

ጸሐፊው አንድ ብቻ ምረጡ ካሉ፣ እኔም አንድ ብቻ ጥራ ብባል የክላይበርን የ1974 እጠራለሁ። ጉልበቱም ጥራቱም አብረው አሉ፤ ድግሞቹም አልተዘለሉም። ሁለተኛ የፉርትቬንግለርን የ1947፣ ሦስተኛ የጋርዲነርን፣ አራተኛ የክሌምፐረርን አስከትላለሁ። አራቱን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀን መስማት አያስፈልግም። አንድ ቦታ ይዞ ማወዳደር ይበቃል፤ ለዚህ የምመርጠው ቦታ ኦቦ የሚባለው ቀጭን የእንጨት ትንፋሽ መሣሪያ ብቻውን የሚጫወትበትን ነው።

በመጀመሪያው ክፍል መሐል አልፎ ያ መግቢያ በሙሉ ኃይሉ ተመልሶ ሲወርድ ኦርኬስትራው በድንገት ይቆማል። አንድ ኦቦ ብቻውን ይቀራል። አንድ ባር ነው፤ ቀስ ብሎ ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ ማዕበሉ ይቀጥላል። የቪየና ፊልሃርሞኒክ የሚጠቀምበት ኦቦ የከተማው ልዩ ዓይነት ነው፤ በክላይበር ቅጂ የሚሰማው ድምፅ ከበርሊኑም ከለንደኑም ይለያል። ባለፈው እሑድ ይህችን ባር ከአራቱም ቅጂዎች ለይቼ አከታተልኳት። ከመካከላችን ያለች አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዓይኗን ጨፍና ሰማችና ሁለተኛው ላይ «ይህ ትንፋሽ አጥሮታል» አለች። ሦስተኛው ላይ «ይህ አይለምንም፣ ይናገራል» አለች። ይህች ልጅ ሲምፎኒ መስማት ከጀመረች አራት ወሯ ነው። መሪጌታ «እስቲ የመጀመሪያውን መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ በሦስተኛው በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ቀስ አድርገው ነክተው፣ ኦቦው የሚያርፍበትን ቦታ ቀድመው አገኙት።